ታንጉት ያጠበችው ባሕር

ፈረሶቹ የሚሰጥሙበት ውሃ አልነበራቸውም። ቁመቱ አምስት፣ ወርዱ ስድስት ክንድ ከሆነው ሸማ ታችኛው ግማሽ ላይ የፈርዖን ፈረሶች አፋቸውን ከፍተው፣ ጋላቢዎቻቸውም እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይንፈራገጣሉ፤ ዙሪያቸው ግን ባዶ ጨርቅ ነው። ከላይ ሁሉም በየቦታው ተሟልቷል። ሙሴ በትሩን ዘርግቷል፤ እስራኤላውያን ልጆቻቸውን አዝለው ተሻግረው ቆመዋል፤ ሊቀ መላእክት ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ይጠብቃቸዋል። ደረሰ የሚባለው ሠዓሊ ሰውና ፈረሱን ጨርሶ ባሕሩን ለኋላ ያቆየው ሰማያዊ ቀለም አጥቶ ነው። ከምጽዋ በነጋዴ ይመጣ የነበረው ሰማያዊ ጣልያን ከገባ ወዲህ ከገበያ ጠፋ፤ የቀረችውን ጥቂት ለሚካኤል ልብስ አዋላት። መጋቢት ፲፱፻፴ ዓ.ም. ቀለም ልፈልግ ብሎ ቡሬ ገበያ እንደወጣ ያዙት።

ጥፋቱ ምን ነበር ቢባል፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችል አንድ ገበሬ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ያ ደብዳቤ ዞሮ ዞሮ ከአንድ አርበኛ እጅ ተገኘ። ጣልያኖቹም የማን ጽሕፈት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከሙ፤ በዚያ አካባቢ ፊደሉን እንዲያ አሳምሮ የሚጥል አንድ ሰው ነው። ጥቂት ቀን ቡሬ ምሽግ አሰሩት፤ ከዚያ በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። ከምጽዋ በታንኳ ወደሚያሻግሩባት ደሴት ተጣለ የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ በኋላ ወሬም ቀረ።

ሚስቱ ታንጉት ትባላለች። ማንኩሳ አጠገብ ግራርጌ በምትባል መንደር ሃያ ዓመት አብራው ኖራለች። ልጅ አልነበራቸውም። ቀለሙን የምትፈጨው፣ የበሬ ቆዳ ቀቅላ ሙጫ የምታወጣው፣ ለሥዕሉ የሚሆነውን ጥጥ የምትፈትለው እሷ ነች። ብሩሽ ግን ለማጠብ ካልሆነ በእጇ ይዛ አታውቅም። ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ አጭር፣ አንዴ አይሆንም ካለች አገር ቢለምናት የማትመለስ ሴት ነበረች። ይህን ጠባይዋን ባሏ ይወደው ነበር፤ ጎረቤት ግን እምብዛም።

ደረሰ በተያዘ በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ መሪጌታ ወልደ ሥላሴና የግራርጌ ሚካኤል ቄሰ ገበዝ ወደ ቤቷ መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በአዲስ እየተሠራ ነው። ቅዳሴ ቤቱ የሚከበረው በመጪው ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ሚካኤል እስራኤልን ባሕር ያሻገረበት ቀን ስለሆነ ሥዕሉም የግድ ለዚያ ቀን መለጠፍ አለበት። ስለዚህ ጨርቁን ሊወስዱ ነው የመጡት።

"ደምበጫ ያለው ሠዓሊ ይጨርሰዋል" አሉ መሪጌታ። "አይዞሽ፣ ደረሰንም አንረሳው። ከግርጌው ስሙን አግብተን 'ነፍሱን ያሳርፍ' ብለን እንጽፍለታለን።"

"የማንን ነፍስ ነው የኔታ?"

"የደረሰን ነዋ።"

"ደረሰ ሞቷል?"

"እንግዲህ ከዚያ ደሴት የተመለሰ ሰው አላየንም።"

"የሞተ ሰውስ አይታችኋል?"

በእኛ አገር ከሥዕል ግርጌ የሠዓሊው ስም ይጻፋል፤ ከስሙ ቀጥሎም አንዲት የጸሎት ቃል ትከተላለች። በሕይወት ላለ ሰው 'እግዚአብሔር ይጠብቀው' ነው፤ ለሞተ 'ነፍሱን ያሳርፍ'። አንዴ ግድግዳ ላይ ከወጣች በኋላ በዚያ የሚያልፍ ካህን ሁሉ እንደተጻፈችው ይደግማታል። ታንጉት ይህን አሳምራ ታውቃለች። ባሏን በአንዲት መስመር ገድለው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ለልጅ ልጅ የሚያስነብቡባት መስሎ ታያት።

"ባሕሩን እኔ እጨርሰዋለሁ። ሥዕሉ የሱ ይሁን፤ የሕያው ቃል ይጻፍለት።"

ቄሰ ገበዙ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። "አንቺ ሴት፣ ለመሆኑ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እሱስ የት አይቶ ነበር አባ?"

"ሴት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስትሠራ ታይቶም አይታወቅ!"

"ጨርቁን የፈተለችው ሴት ናት። ሙጫውን ያፈላችው ሴት ናት። ውሃውን ብትጨምርበት ምን ይሆናል?"

ሁለቱ ካህናት ተያዩ። መሪጌታ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥርዓት የሚወዱ፣ ነገር በቦታው ካልዋለ እንቅልፍ የሚያጡ ሽማግሌ ናቸው። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጊዜ ሰጧት። የሕያው ቃል ይጻፍ አይጻፍ የሚለውን ግን "በቀኑ እናየዋለን" ብለው አንጠልጥለውት ሄዱ።

ካህናቱስ እሺ፤ ከነሱ ይልቅ የከበደችባት አልጣሽ ነበረች። አልጣሽ የደረሰ ታላቅ እኅት ናት። ለወንድሟ ለቅሶ ተቀምጣ፣ ደረቷን ደቅታ፣ ወጉን አድርሳ ማረፍ ትፈልጋለች። ሚስት ካልተቀመጠች ደግሞ እኅት እንዴት ትቀመጣለች?

"ወንድሜን አላስለቅስ አልሽኝ!" አለቻት አንድ ቀን በር ላይ ቆማ። "ሆዴ ውስጥ ቀብሬው እስክሞት ነው የምትጠብቂ?"

"ቀባሪ ሳይኖር ለቅሶ የለም አልጣሽ።"

"ልብሽ ድንጋይ ነው።"

ታንጉት ልቧ ድንጋይ ቢሆን በወደደች። ያን ሰሞን በየቀኑ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ አንዴ ለቅሶ ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠች ዳግመኛ መነሳት የማትችል ይመስላት ነበር።

ለባሕሩ ሰማያዊ ያስፈልጋል፤ ሰማያዊ የለም። አንድ ቀን ማንኩሳ ገበያ አንዲት ሴት የጣልያኖቹ ሸሚዝ እንዲያ የሚነጣው ለምን እንደሆነ ስታወራ ሰማች። ሸሚዙ ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ ሰማያዊ ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይነከራል አሉ። የዱቄቱ ጓል በጨርቅ ተቋጥሮ በርሜሉ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ሲያልቅ ቋጠሮው ይጣላል። ታንጉት በነጋታው ወገቧን ታጥቃ ቡሬ ወረደች፤ እዚያም አንዲት የእናቷ ዘመድ ዘንድ አርፋ የምሽጉ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች።

ግራርጌ ጉድ ፈላ። ባሏን ያሰሩትን ሰዎች ሸሚዝ የምታጥብ ሴት! ዓይኗን በጨው አጥባ ነው አሉ፤ ከዚያም የከፋ አሉ። አልጣሽማ ቡሬ ድረስ ወርዳ፣ በወንዙ ዳር በሴቶቹ ሁሉ ፊት "የወንድሜን ደም ከሸሚዛቸው ላይ ታጥቢላቸዋለሽ!" ብላ ጮኸችባት። ታንጉት ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደቆመች ሰማቻት። ያን ዕለት ሸሚዞቹን ሁሉ በድንጋዩ ላይ ያለ ልክ ወቀጠቻቸው፤ ሁለት ቁልፍ ሰበረች። የተጣሉትን የሰማያዊ ቋጠሮዎች ግን አንድም ሳታስቀር ለቅማ በቀሚሷ ቋጥራ ወደ ማደሪያዋ ተመለሰች።

አጣቢዎቹን የሚጠብቅ አንድ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር፣ ነበር፤ ሁሉም ምጽዋዬው ይሉታል። አማርኛው ተሰባባሪ፣ ዕድሜው ከሠላሳ የማይዘል፣ ጠመንጃውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ጥላ የሚፈልግ ሰው ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ እንደነበረ ስትሰማ ታንጉት እጇን እንኳ ሳትጠርግ ወደሱ ሄደች።

"ባሕር ምን ይመስላል?" አለችው።

ሳቀ። "ባሕር? ብዙ ውሃ።"

"ብዙ ውሃማ ዓባይም አለ። ቀለሙን ነው የምጠይቅህ።"

ሰው ስለ ቀለሙ ጠይቆት አያውቅም መሰል፣ ሳቁን ተወ። ከዚያ መሬቱ ላይ በጣቱ እየሣለ ነገራት። ባሕር አንድ ቀለም የለውም። ከዳሩ፣ እግርሽ ጋ፣ ቀለም የሚባል ነገር የለበትም፤ ከሥሩ አሸዋው ይታያል። ትንሽ ፈቀቅ ሲል አረንጓዴ ቢጤ ይሆናል። ከዚያ ሰማያዊ፤ ከዚያ ደግሞ ዓይን እስከሚደርስበት እየጠቆረ ይሄዳል። ዳር ላይ ነጭ አረፋ አለ፤ አረፋው ይመጣል፣ ይመለሳል።

"ሞልቶ ነው የሚመጣው?"

"አይደለም እኅቴ። ዝም ብሎ ይመጣል። ዝም ብሎ ይመለሳል።"

"ማን መልሶት?"

ይህንንስ ሊያስረዳት አልቻለም። ውሃው ጨው ነው ሲላት ደግሞ ይቀልድባታል ብላ ተቆጣች፤ ያን ሁሉ ጨው አጠገባቸው አድርገው ነጋዴዎች አሞሌ በበቅሎ ጭነው ምን ያደክማቸዋል? ሌላውን ሁሉ ግን በልቧ ያዘች። በማግስቱም ተመልሳ ጠየቀችው፤ በሦስተኛውም ቀን። ዋናውን ጥያቄ ለመጨረሻ አቆይታው ነበር።

"እዚያ እስረኛ የሚወስዱባት ደሴት... ሰው ይኖርባታል?"

ምጽዋዬው ወዲያ ዞረ። ሊዋሻትም አልፈለገም፤ ሊነግራትም አልፈለገም። ቆይቶ "የሚኖር አለ" አለ።

ታንጉት ያችን ቃል ይዛ ወደ ልብሷ ተመለሰች። የሚኖር ካለ ደረሰም ከሚኖሩት ሊሆን ይችላል። ምጽዋዬው ነሐሴ ላይ ወደ ሌላ ምሽግ ሲዛወር ገና ያልተፈታ ዐሥር ጓል ሰማያዊ ከኪሱ አውጥቶ ሰጥቷት ሄደ።

መስከረም ላይ ሰማያዊዋን በቅል ሞልታ ግራርጌ ገባች። ሰው ሰላም አላላትም፤ እሷም አልጠበቀችም። መጀመሪያ ደረሰ ያደርግ እንደነበረው ሙጫ አፍልታ፣ ሰማያዊውን ለውሳ፣ አሮጌ ነጠላ ላይ በብሩሽ ሞከረችው። አልሆነም። ቀለሙ ቋጠረ፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እንደ ቅርፊት ረገፈ። ሙጫውን ብታቀጥን፣ ብታወፍር ያው ነው። ሰባት ጊዜ ሞከረች፤ ሰባት ጊዜ ረገፈ። በሰባተኛው ብሩሹን ወርውራ መሬት ላይ ተቀመጠች። ደረሰ ምን ያህል ነገር ሳይነግራት እንደሄደ ያን ቀን ነው የገባት፤ ተናደደችበትም፤ እዚያ ደሴት ላይ ባለው ሰውዬ ላይ ከልቧ ተናደደች።

ንዴቷ ሲበርድ ነጠላውን ለማጠብ ይዛ ወንዝ ወረደች። እዚያ ቆማ አንድ ነገር ትዝ አላት። ቡሬ ሳለች አጣቢን የሚያስደበድብ አንድ ጥፋት ነበር። ሸሚዙን ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ግማሹን ብቻ ነክረሽ ካቆየሽው ቀለሙ ከታች ይጠቁራል፤ ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ሲያበቃ መስመር ያወጣል፤ ከመስመሩ በላይ ነጭ ነው። ከታች ጥቁር፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ምንም፤ ከዚያ ነጭ ዳር። ምጽዋዬው በጣቱ የሣለላት ይኸው ነው! ታንጉት ብቻዋን ሳቀች። ሠዓሊ አይደለችም፤ አጣቢ ነች። ባሕሩን የምትሥለው እንደ አጣቢ ነው፤ ያውም እንደ ጥፋተኛ አጣቢ።

የሚቀጥለው ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ደረሰ የጨረሳቸው ሥዕሎች በሙጫ የተሠሩ ናቸውና ውሃ ከነካቸው ያልቃሉ። ስለዚህ ሰም አቅልጣ በሙሴና በሕዝቡ እግር ሥር እንደ ድንበር መራችው። ቀጥላ የፈርዖንን ፈረሶችና ሰዎች አንድ በአንድ በሰም ሸፈነቻቸው፤ ሊሰጥሙ የተዘጋጁትን ሰዎች ከውሃ ስታድን ዋለች ማለት ነው። ከግርጌው ደግሞ ለጽሕፈቱ የሚሆን አንድ ስንዝር ነጭ በሰም አጥራ አስቀረች። ከላዩ ግማሽ ላይ ደረቅ ቁርበት የምታለብሰው በመጨረሻ ነው።

ችግሩ ጨርቁ ነው። የውሃውን ወርድ የሚያህል ገንዳ የለም። ወንዙ ዳር ልብስ የሚሰጣበት ተዳፋት ለስላሳ ዐለት አለ፤ እዚያ ዘርግታ ከላይ ብታፈስ ውሃው ራሱ እየወረደ ከታች ይጠራቀማል። ነገር ግን ጨርቁን የሚይዝ፣ የሚያነሳ፣ የሚያዘነብል ሰው ያስፈልጋል። ከሷ ጋር አራት ሰው። እሷ ያላት ሁለት እጅ ነው፤ መንደሩም አኩርፏታል።

ጥቅምት ሃያ ቀን ወደ አልጣሽ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ቆማ ሳትቀመጥ ተናገረች።

"አልጣሽ፣ ወንድምሽ የጀመረውን ልጨርስ ነው። ጫፉን የሚይዝልኝ አጣሁ።"

"የት አባቱ ነው ባሕሩ?" አለች አልጣሽ።

"እዚህ ነው" አለች ታንጉት ቅሉን ከፍታ።

አልጣሽ ጎንበስ ብላ አየች። ጣቷን ነክራ ወደ ብርሃን አወጣችው። ከዚያ ወደ ጎረቤት ተጣራች። "ኧረ እናንተ! ኑ እስቲ፣ ይችን ግትር እናግዛት!" አልታረቀችም፤ ግን መጣች። ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች።

ፀሐይ ጠንከር ሲል ጨርቁን ዐለቱ ላይ ዘረጉት። ታንጉት መጀመሪያ የታችኛውን ግማሽ በንጹሕ ውሃ አራሰችው። ከዚያ በጣም የቀጠነ ሰማያዊ በቅል ቀዳች። ጨርቁ አንድ ነው፣ ፈትሉ የአንድ ክረምት ሥራ ነው፣ የላዩ ሥዕል ደግሞ እንደገና የሚሠራው ሰው እዚህ የለም። በስመ አብ ብላ አፈሰሰች፤ ቅሉን አስቀምጣም አራተኛውን ጥግ ያዘች።

"አንሱ! ወደ ቄሱ ቤት አቅጣጫ፣ አልጣሽ፣ ወደ አንቺ! ቀስ! በቃ፣ መልሱት! መልሱት!"

አራቱ ጥግ ይነሳል፣ ይወርዳል። ውሃው ወደ ሰሙ ድንበር ይመጣና ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ስስ መስመር ትቶ ይሄዳል። ታንጉት ያኔ ነው ምጽዋዬው ሊያስረዳት ያቃተው ነገር የገባት። ዝም ብሎ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛውን ቅል ከመካከል፣ ሦስተኛውን ከታች፣ እያወፈረች አፈሰሰች። ሴቶቹ ክንዳቸው እስኪዝል አዘነበሉ። አንደኛዋ መሳቅ ጀመረች፤ ሌላዋ ተከተለቻት፤ ሴቶች በፈርዖን ሠራዊት ላይ ማዕበል እያስነሱ መሳቅ አይቀርላቸውም። አልጣሽ ግን አልሳቀችም። ጥጓን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እንባዋ ጨርቁ ላይ እየተንጠባጠበ፣ የተባለችውን ታደርግ ነበር። እንባው የወደቀበት ቦታ ቀለሙ ትንሽ ሸሽቶ ነጭ ነጥብ ሆኖ ቀርቷል።

ሲደርቅ ሰሙን በጋለ ድንጋይ አቅልጣ አነሳች፤ ከላዩ ቀጭን ሙጫ አሳለፈችበት። ፈረሶቹ ውሃ አገኙ። ከሕዝቡ እግር ሥር አንድ ክንድ የሚሆን ነጭ ዳርቻ አለ፤ ከዚያ ውሃው አለ የለም የሚባል ሆኖ ይጀምራል፤ እየጠለቀ ሄዶ የፈርዖን ሠረገላ ጋ ሲደርስ ይጠቁራል። በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ባሕር ማለት እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ቅስት ነው። እንዲህ ያለ ባሕር በዚያ አገር ማንም ሠርቶ አያውቅም።

ኅዳር ዐሥር ቀን መሪጌታና ቄሰ ገበዙ መጥተው ጓሮዋ ውስጥ በተዘረጋው ሸማ ፊት ቆሙ። ቄሰ ገበዙ ቅስቱን ፈልገው አጡትና "ሞገዱ የታለ?" አሉ። ቆየት ብለው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ጫማቸው እንዳይርስ የፈሩ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ሞገድ አልጠየቁም። መሪጌታ ብርዓቸውን አውጥተው ከግርጌው ተንበረከኩ።

"በክርስትና ስሙ እጽፋለሁ፤ ወልደ ዮሐንስ። ቀጥሎ..." ቀና አሉ። "ታንጉት፣ ሥራሽ ድንቅ ነው። ነገር ግን በቤተ እግዚአብሔር ግድግዳ ላይ ሐሰት አልጽፍም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰውየው የለም።"

"ፍትሐት ተደርጎለታል የኔታ?"

"አልተደረገም።"

"ለምን አልተደረገም?"

መሪጌታ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሩ።

"የሞቱን ምስክር ስላላገኛችሁ ነው" አለች ታንጉት። "ምስክር ስታጡ ፍትሐት ከለከላችሁት። ታዲያ ያልፈታችሁትን ሰው በምን ምስክር ሞተ ብላችሁ ትጽፋላችሁ? ሐሰት የሚሆነው የትኛው ነው?"

አልጣሽ ከአጥሩ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። ታንጉት ወደሷም ዞር ብላ ለሁለቱም እንዲሰማ ተናገረች።

"እኔ አይሞትም አላልኩ። የቀበረው ሰው መጥቶ በአፉ ይንገረኝ። ያን ቀን ራሴ ቀለም በጥብጬ፣ በእግሬ መጥቼ አስለውጠዋለሁ። እስከዚያ ባሌ ሕያው ነው።"

መሪጌታ ብርዑን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። "ይጽፉታል ወይስ አይጽፉትም?" ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም እጃቸውን ብቻ ያይ ነበር። የሕያውን ቃል ጻፉ።

በበዓሉ ዋዜማ ሸማውን ተሸክመው ወስደው ከመቅደሱ ሰሜን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ሰሜን የወንዶች በኩል ነው። ሴቶች በደቡብ ገብተው በደቡብ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ታንጉትም እንደ ሌሎቹ ሴቶች ያን ባሕር ግድግዳው ላይ ልታየው አልቻለችም። በየቅዳሴው ከመቅደሱ ማዶ ቆማ፣ ወንዶቹ ሲያንሾካሽኩ ትሰማለች።

በ፲፱፻፴፫ ጣልያን ከቡሬ ለቆ ወጣ። ነሐሴ ላይ ይሄይስ የሚባል የማንኩሳ ሰው ከዚያች ደሴት ተፈትቶ ተመለሰ። ዘመድ ቤት እንኳ ሳያርፍ፣ ዱላውን ተመርኩዞ በቀጥታ ታንጉት ቤት መጣ። ስታየው አወቀች። ቢሆንም ቁጭ አድርጋ፣ ውሃ ሰጥታ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲነግራት ጠየቀችው። ደረሰ በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ በንዳድ ሞቷል። ይሄይስ በእጁ ቀብሮታል።

"ውሃው እየመጣ ስለሚመለስ ከዳሩ ራቅ አድርገን ቆፈርንለት" አላት። "የሚደርስበት ቦታ አይደለም። አሸዋው ደረቅ ነው።"

የሠላሳ አንድ ሰኔ። እሷ ቡሬ ወንዝ ውስጥ ቆማ የሰማያዊ ቋጠሮ ትለቅም በነበረበት ወር ማለት ነው። ጥቅምት ላይ አራት ሴቶች ማዕበል ሲያስነሱ እሱ አሸዋ ውስጥ አራት ወር ሞልቶት ነበር። ታንጉት ተነሥታ ወደ አልጣሽ ቤት ሄደች፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ጮኹ፤ አገር ተሰበሰበ። ፍትሐቱ ተደረገ። ምንጣፉም ላይ ተቀመጠች፤ ቀድሞ እንደ ፈራችው ሳይሆን ቀርቶ ተነሣች።

አርባው በወጣ ማግስት ቀለም በቀንድ ይዛ መሪጌታ ዘንድ ደረሰች።

"በጥብጬ መጥቻለሁ የኔታ።"

መሪጌታ አርጅተዋል። ቀንዱን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። "ተይው ታንጉት። እንደተጻፈ ይኑር። ማን ምን ይለናል? እኔም ለምጄዋለሁ፤ ባለፍኩ ቁጥር ይጠብቀው እላለሁ።"

"ሞቷላ" አለች።

ይህን ቃል ከአፏ ሲሰሙ መሪጌታ እንባቸው መጣ።

"ሳይነገረኝ ሕያው ነው አልኩ፤ ተነገረኝ፣ ሞተ እላለሁ። ለሕያው የሚጸለየው ለነፍሱ ምን ይሆነዋል? ይሂዱና የሚገባውን ይጻፉለት።"

መሪጌታ የበሩን መክፈቻ አንሥተው አብረው ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ወጥቶ ባዶ ነበር። የሰሜኑን በር ከፈቱና ወደ ጎን ቆመው አሳለፏት። ታንጉት ጫማዋን አውልቃ በወንዶቹ በር ገባች።

ባሕሩ ግድግዳውን ሞልቶት ነበር። መሬት ላይ ተዘርግቶ እንጂ ቆሞ አይታው አታውቅም። እስኪበቃት አየችው። መሪጌታ ከግርጌው ተንበርክከው የድሮውን መስመር በቢላ ጫፍ ፋቁ፤ ብርዑን ነክረው እዚያው ሊጽፉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

"እዚያ አይደለም የኔታ። እዚያ ከውሃው ሥር ነው።"

እጇን ዘርግታ ወደ ላይ አሳየቻቸው፤ ከሕዝቡ እግር ሥር ወዳለው ነጭ ዳርቻ።

"ይሄይስ ውሃው የማይደርስበት ቦታ ነው የቀበርነው ብሎኛል። እዚህ ይሁን።"

መሪጌታ በርጩማ አምጥተው ወጡ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ታንጉት እንዲያነቡላት ጠየቀቻቸው።

"ወልደ ዮሐንስ ሠዓሊ። እግዚአብሔር ነፍሱን ያሳርፍ።"

"አሜን" አለች። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ በገባችበት በር ወጣች።